መልሱን ከዕጢው ብቻ አትጠብቁ

ካንሰርን በጨረርና በኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት በሚያነሣሣ ሕክምና) አጣምሮ በሚያክመው የሕክምና ዓለም አንድ እምነት ሥር ሰዷል። ከሕመምተኛው ዕጢ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድ፤ ላቦራቶሪ ይግባ፤ የፕሮቲኑ መጠን ይለካ፣ የዘረ መል ለውጡ ይቆጠር። ቁጥሩ ማን በሕክምናው እንደሚጠቀም፣ ማን እንደማይጠቀም አስቀድሞ ይነግረናል ይባላል። እስካሁን በትክክል ካልነገረን ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ የረቀቀ ምርመራና የሠለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ይነግረናል ይባላል። ብዙ የምርምር ገንዘብም ወደዚህ ይፈስሳል። የሕመምተኛውም ተስፋ እዚያው ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔ ይህ እምነት ከመሠረቱ የተዛባ ነው እላለሁ። ጨረርና ኢሚዩኖቴራፒ ሲጣመሩ የሚገኘው ውጤት በዕጢው ውስጥ ተጽፎ አይጠብቀንም፤ አብዛኛውን የሚፈጥረው ሕክምናው ራሱ ነው። መድኃኒቱ ከጨረሩ በፊት፣ ጎን ለጎን ወይም በኋላ መሰጠቱ፣ ጨረሩ በስንት ዙርና በምን ያህል መጠን መተኮሱ፣ የትኛውን የሰውነት ክፍል መንካቱ፣ ምን ያህል የመከላከያ ሕዋስ መግደሉ ውጤቱን ይለውጠዋል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተቆረጠ ሥጋ ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አር. ኤች. ሞል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ አንድ ቦታ ላይ ያረፈ ጨረር ከዚያ ርቆ ባለ አካል ላይ ለውጥ ሲያመጣ «አብስኮፓል» የሚል ስም አወጣለት። ለብዙ አሥርት ዓመታት ክስተቱ ብርቅ ሆኖ ኖረ። በ2012 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የታከመች አንዲት የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ሕመምተኛ ታሪክ ታተመ። ኢፒሊሙማብ የተባለውን የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት እየወሰደች ሳለ በሽታዋ እየተስፋፋ ሄዶ ነበር። ሐኪሞቿ በአከርካሪዋ አጠገብ ላለው ዕጢ ብቻ በ3 ዙር 28.5 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ሰጧት። ከዚያ በኋላ ጨረር ያልነካቸው ሌሎቹ ዕጢዎችም ሟሸሹ።

ይህ ታሪክ ዓለምን አነቃነቀ፤ የተነሣው ጥያቄ ግን ጎደሎ ነበር። ብዙዎች «የእሷ ዕጢ ከሌላው በምን ይለያል?» አሉ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ነገርም ተጽፎ ነበር፦ መድኃኒቱ ቀድሞ ተጀምሯል፤ ጨረሩ በጥቂት ዙር በከፍተኛ መጠን ተሰጥቷል፤ ያረፈውም በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለ ሕመምተኛዋ የጠየቁት ብዙዎች ሲሆኑ ስለ አሰጣጡ የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱት ትልልቅ ጥናቶች ግን ደጋግመው የመለሱት ያልተጠየቁትን ጥያቄ ነው።

የሳንባ ካንሰርን እንውሰድ። ፓሲፊክ የተባለው ጥናት በ2017 ውጤቱን አወጣ። በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል ሦስተኛ ደረጃ የሳንባ ካንሰር የያዛቸው 713 ሰዎች ጨረሩንና ኬሞቴራፒውን ከጨረሱ በኋላ በዕጣ ተለዩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ዱርቫሉማብ፣ አንዱ ማስመሰያ መድኃኒት ወሰዱ። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ5.6 ወር ወደ 16.8 ወር ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 42.9 በመቶ፣ ካላገኙት 33.4 በመቶ በሕይወት እንደሚኖሩ ተሰላ። እንዲህ ያለ ውጤት በዚህ በሽታ ለረጅም ዘመን አልታየም ነበር።

ከዚያ የሚቀጥለው እርምጃ ግልጽ መሰለ። ከጨረሩ በኋላ ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ከጨረሩ ጋር ጎን ለጎን ቢጀመር የበለጠ ይጠቅማል ተባለ። ፓሲፊክ ሁለት የተባለው ጥናት ይህንኑ ሞከረ፤ በሽታውም መድኃኒቱም ያው ነው። በ2024 የቀረበው ውጤት ግን ተጨማሪ ጥቅም ሊያሳይ አልቻለም። ዕጢው የሳንባ ካንሰር መሆኑ አልተለወጠም፤ ዱርቫሉማብም ሌላ መድኃኒት አልሆነም። የተለወጠው መድኃኒቱ የተጀመረበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ትክክልም ነው። የመጀመሪያው ፓሲፊክ የተቀበለው ጨረሩንና ኬሞቴራፒውን በደኅና የጨረሱና በሽታው ያልተባባሰባቸውን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጥናት ግን ገና ሕክምና ያልጀመሩትን ስለተቀበለ፣ በጨረሩ ወቅት የሚዳከሙትና በሽታው የሚብስባቸው ሰዎችም ገብተውበታል። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለጊዜው ቅደም ተከተል መስጠት አይቻልም። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ተቃውሞው ራሱ ለእኔ ይመሰክራል። የመጀመሪያውን ጥናት ሕመምተኞች ያጣራው የትኛውም የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፤ በሕክምናው ውስጥ ማለፋቸው ነው። ሕክምናውን ጀምሮ፣ የሰውየውን ሁኔታ አይቶ፣ ከዚያ መወሰን ከቅድሚያ ምልክት የተሻለ ወንፊት ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

የራስና አንገት ካንሰርም ይህንኑ ይናገራል። አቬሉማብን ከጨረርና ከኬሞቴራፒ ጋር ያጣመረው፣ 697 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሳይሳካ ቀረ። ፔምብሮሊዙማብን በተመሳሳይ መንገድ የሞከረው፣ 804 ሰዎች የተሳተፉበት ኪኖት-412ም አላማውን አልመታም። በ2025 ግን ያው ፔምብሮሊዙማብ በሌላ አሰጣጥ ተሳካ። ኪኖት-689 በተባለው ጥናት መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተጀመረ፤ ዕጢውና የአንገት ሊምፍ ዕጢዎች ገና ባልተነኩበት፣ ጨረርም ባልደረሰበት ጊዜ ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ከዚያ ቀጠሉ። በ714 ሰዎች ላይ በሽታው ሳይመለስ ወይም ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ30.4 ወር ወደ 51.8 ወር ደረሰ። እርግጥ እነዚህ ለቀዶ ሕክምና የበቁ ሕመምተኞች ናቸው፤ ጥናቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ እኩል ናቸው ማለት አይቻልም። ሆኖም በሁለት የተለያዩ ካንሰሮች ላይ የአሰጣጡ ቅደም ተከተል ከውጤቱ ጋር አብሮ ሲለዋወጥ እያዩ፣ ምርምሩን ሁሉ በናሙና ላይ ማድረግ ዐይንን መጨፈን ነው።

አሁን ወደ ታዋቂው ምልክት እንምጣ፤ ፒዲ-ኤል1 ይባላል። ቲ-ሴል የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ በላዩ ፒዲ-1 የተባለ ተቀባይ አለው። የዕጢው ሕዋስ በፒዲ-ኤል1 ይህን ተቀባይ ሲነካው ቲ-ሴሉ ጥቃቱን ያቆማል፤ እንደ ዱርቫሉማብና ፔምብሮሊዙማብ ያሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህን ንክኪ በመከልከል ነው። ስለዚህ ፒዲ-ኤል1 የበዛበት ዕጢ ለመድኃኒቱ የተመቸ ይሆናል የሚለው ግምት ምክንያታዊ ነው፤ መድኃኒቱ ብቻውን ሲሰጥ ግምቱ በአንዳንድ ካንሰሮች ላይ ይሠራል። ጨረር ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጨረር የዕጢውን ፒዲ-ኤል1 መጠን እንደሚጨምር ታይቷል። ከጨረሩ በፊት የተለካው ቁጥር ከጨረሩ በኋላ ያለውን ዕጢ ላይወክል ይችላል ማለት ነው።

በፓሲፊክ የሆነውን ተመልከቱ። የዕጢ ናሙና መስጠት ግዴታ ስላልነበር ከሕመምተኞቹ ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆኑት የፒዲ-ኤል1 ቁጥራቸው አይታወቅም። የታወቀውም ከጨረሩ በፊት ከተወሰደ ናሙና ነው። ከአንድ በመቶ በታች የሚለው ክፍፍል ጥናቱ ሲነደፍ አልታሰበም፤ በኋላ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሲጠይቅ የተሰላ ነው። ከዚህ ስሌት ተነሥቶ የአውሮፓ ተቆጣጣሪ በ2018 መድኃኒቱን ቁጥራቸው አንድ በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ብቻ ፈቀደ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በዚያው ዓመት ያለ ምንም ገደብ ፈቅዶ ነበር። አንድ ጥናት፣ አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት እኅትማማቾች አንድ ዓይነት በሽታ ቢይዛቸው፣ ጨረር ከመጀመሩ በፊት በተለካ ቁጥር የተነሣ አንዷ መድኃኒቱን ልታገኝ ሌላዋ ልትከለከል ትችላለች።

ግራ የሚያጋባ ሌላ ማስረጃም አለ። በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መሪነት የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት፣ የተዛመተ የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 76 ሰዎች ፔምብሮሊዙማብ ብቻ በሚወስዱና ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ዕጢያቸው ጨረር በሚሰጠው ቡድኖች ከፈለ። በ12ኛው ሳምንት በመድኃኒቱ ብቻ 18 በመቶ፣ ጨረር ሲቀድመው 36 በመቶ ምላሽ ታየ፤ ልዩነቱ ግን ጥናቱ አስቀድሞ ያስቀመጠውን መስፈርት አላሟላም። ከጨረሩ ይበልጥ የተጠቀሙ የመሰሉት ደግሞ ፒዲ-ኤል1 የሌላቸው ናቸው። «የማይጠቅማቸው» የሚል ማኅተም ሊመታባቸው የነበሩት ሰዎች ጨረሩ ሲጨመር ወደ ሌላው ወገን የተሻገሩ መሰሉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ለመድኃኒቱ ብቻ የተሠራ ምልክት ለጥምረቱም ይሠራል ብሎ ማሰብ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ግን ያሳያል።

አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት እዚህ ይሠራል፤ ጨረርም ከአያያዙ ነው። ጨረር የመከላከያ ሥርዓቱን ያነቃል፤ ያው ጨረር ይገድለዋልም። ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሰውነታችን ውስጥ ለጨረር እጅግ ስስ ከሆኑት መካከል ናቸው፤ በጣም ዝቅተኛ መጠን ይፈጃቸዋል። ለስድስት ሳምንት በየቀኑ በሚሰጥ ጨረር ውስጥ ደም ሳያቋርጥ ያልፋል፤ በየቀኑም ሌሎች ሊምፎሳይቶች ይመታሉ። ኢሚዩኖቴራፒው ሊያሠማራቸው የሚፈልጋቸው ወታደሮች እነዚሁ ናቸው። ቁጥራቸው ክፉኛ የወደቀባቸው ሕመምተኞች ዕድሜያቸው የማጠር አዝማሚያ እንዳለው በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ላይ ተደጋግሞ ታይቷል። ይህን ለማወቅ የዘረ መል ምርመራ አያስፈልግም፤ የተለመደው የደም ምርመራ ይበቃል። ሆኖም ስለ ትንበያ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ሊምፎሳይቱን ከጨረሩ መስክ ጋር አያይዞ የሚመዘግበው ጥቂት ነው።

የዙሩ መጠንም እንዲሁ። በኒው ዮርክ ተካሂዶ በ2017 የታተመ የአይጥ ጥናት፣ በአንድ ዙር የሚሰጠው ጨረር ከ12 እስከ 18 ግሬይ ያለውን ወሰን ሲያልፍ ትሬክስ1 የተባለ ኤንዛይም እንደሚነሣ አሳየ። ይህ ኤንዛይም ከተጎዳው ሕዋስ አስኳል አፈትልኮ የሚወጣውንና ለመከላከያ ሥርዓቱ ጥሪ የሚያሰማውን ዲኤንኤ ይቆራርጠዋል፤ ስለዚህ ጥሪው ይጠፋል። በእያንዳንዱ ዙር 8 ግሬይ እያደረጉ በ3 ዙር መስጠት በአንድ ዙር 20 ግሬይ ከመስጠት የተሻለ ሆነ። ሰው አይጥ አይደለም፤ ይህ ቁጥር እንዳለ ወደ ሰው አይገለበጥም። መርሑ ግን ግልጽ ነው፦ አንድ ዓይነት ዕጢ በአንድ አሰጣጥ ምላሽ ሲሰጥ በሌላው ዝም ሊል ይችላል።

ለተቃራኒው ወገን ትልቁ መከራከሪያ ሌላ ነው። «በናሙና መተንበይ አይቻልም ካልክ፣ የዲኤንኤ ስሕተት አራሚ ጂኖቻቸው የተበላሹ ዕጢዎችን ምን ትላለህ?» ይሉኛል። ጥያቄው ጠንካራ ነው። በዚህ ጉድለት የተለዩ፣ የትልቁ አንጀት መጨረሻ በሆነው በሬክተም ላይ የወጡ ካንሰሮች ዶስታርሊማብ ሲሰጣቸው በ2022 የታተመው የመጀመሪያ ሪፖርት 12ቱም ሕመምተኞች ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ገለጸ፤ በ2025 የወጣው ደግሞ ሕክምናውን የጨረሱት 49ኙም እንዲሁ መሆናቸውን። ከዚህ የሚበልጥ ትንበያ በካንሰር ሕክምና ውስጥ ብዙ አላውቅም። ግን እነዚህ ሰዎች ጨረር አላስፈለጋቸውም፤ ምርመራው ያደረገው ትልቅ ነገር ጨረሩን ማስቀረት ነው። የናሙናው ድል የታየው ጥምረቱ በቀረበት ቦታ ነው። በሬክተም ካንሰር ሕመምተኞች መካከል ይህ ጉድለት ያለባቸው ከመቶ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩትን በዚህ ድል ተስፋ ማባበል ልክ አይደለም።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉንም አጣምሮ ያየዋል» የሚለው መልስም አያሳምነኝም። ማሽን የሚማረው የተመዘገበለትን ነው። የዕጢውን ምስልና የጂን ዝርዝር ሰጥተነው፣ ሊምፎሳይቱ በየሳምንቱ እንዴት እንደወረደ፣ የትኞቹ ሊምፍ ዕጢዎች እንደተመቱ፣ መድኃኒቱ ከጨረሩ በስንት ቀን እንደራቀ ካልሰጠነው፣ ስለ ዕጢው እንጂ ስለ ሕክምናው አይማርም። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚተነብዩት ማን ረጅም ዕድሜ እንደሚኖር ነው። ዕጢው ትንሽ የሆነ፣ ክብደቱ ያልቀነሰ፣ ብርታት ያለው ሰው በየትኛውም ሕክምና ቢሆን ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። ይህን ማወቅ ጨረሩን ከመድኃኒቱ ጋር ማጣመር ማንን እንደሚጠቅም ማወቅ አይደለም። ሁለቱን የሚለየው በዕጣ የተመደበ ማነጻጸሪያ ቡድን ብቻ ነው። ያለ እሱ የሚቀርብ «ትክክለኛነት» ለሐኪሙ ውሳኔ አይሆነውም።

እንዲህ ያለው ትንበያ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በቀጥታ የሚደርስ አደጋ አለው። እንደ ትንበያ በብዛት ከሚቀርቡት መለኪያዎች አንዱ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ሕዋሳት ንጽጽር ነው። ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ የሆነው ኒውትሮፊል የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ብዙ ሰዎች ዘንድ ያለ ምንም በሽታ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በእስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ተመዝግቧል። ወሰኑ በሌላ ሕዝብ ደም ላይ ተሠርቶ ከመጣ፣ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለች ኢትዮጵያዊት በተሳሳተ መደብ ልትገባ ትችላለች። ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ጤነኞች በመድኃኒት ጥናቶች የመግቢያ ወሰን ሳቢያ ከመጀመሪያው ሲቀሩ ደግሞ፣ የእኛን ደም የሚያውቅ መረጃ አይሰበሰብም።

የማኅፀን በር ካንሰር ነገሩን ከሁሉ ይበልጥ ወደ ቤታችን ያመጣዋል፤ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። ዱርቫሉማብን ከጨረርና ከኬሞቴራፒ ጋር ያጣመረው፣ 770 ሴቶች የተሳተፉበት ካላ የተባለው ጥናት አልተሳካም። ፔምብሮሊዙማብን ያጣመረውና 1060 ሴቶች የተሳተፉበት ኪኖት-ኤ18 ተሳካ፤ በ36ኛው ወር በሕይወት ያሉት ከ74.8 በመቶ ወደ 82.6 በመቶ ከፍ አሉ። በሁለቱም ጥናቶች የአብዛኞቹ ሴቶች ዕጢ ፒዲ-ኤል1 ነበረው፤ ስለዚህ ምልክቱ የትኛው እንደሚሳካ ሊለይ አልቻለም። በሁለቱም የዳሌ ሊምፍ ዕጢዎች ጨረር ይመታቸዋልና፣ የጥናቶቹን ልዩነት ሁሉ በሊምፍ ዕጢዎች በጨረር መመታት የሚያብራራ ሰውም እዚህ ይቆማል። ገና ያልተፈታ ጥያቄ አለ ማለት ነው። የሚፈታው ግን የመድኃኒቱንና የጨረሩን አሰጣጥ ዝርዝር በመመርመር ነው።

በዚሁ በሽታ ላይ ከማንኛውም አዲስ ምልክት በፊት የታወቀ አንድ ነገር አለ፤ ጨረሩ በስምንት ሳምንት ውስጥ ሲጠናቀቅ ውጤቱ ይሻላል፤ ሲቋረጥና ሲጓተት ይበላሻል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ማሽን ሲበላሽና ወረፋ ሲረዝም የሴቶቹ ዕድል አብሮ ይወርድ ነበር። የዚያን ጊዜ ትንበያው የነበረው በማሽኑ ሁኔታ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትንበያውን ከሕክምናው በፊት ካለው ቀን ወደ ሕክምናው ውስጥ እናምጣው። መንገዱ ተጀምሯል። በ2018 የታተመ ጥናት ኢፒሊሙማብና ጨረር ከወሰዱ 39 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች መካከል ምላሽ የሰጡትን የለየው ከጨረሩ በኋላ በደም ውስጥ የታየው የኢንተርፌሮን ቤታ (የመከላከያ ሥርዓት መልእክተኛ ፕሮቲን) ጭማሪና የቲ-ሴሎቹ ለውጥ እንደሆነ አሳይቷል። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናትም በ65 ሰዎች ላይ፣ ከጨረሩ በኋላ በደማቸው ውስጥ የዕጢ ዲኤንኤ ያልተገኘባቸው ኢሚዩኖቴራፒ ቢጨመርም ባይጨመርም ደኅና እንደሆኑ፣ የተገኘባቸው ደግሞ በመድኃኒቱ እንደተጠቀሙ አመለከተ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ ሁለቱም በትልቅና በዕጣ በተመደበ ጥናት መፈተን አለባቸው። የጠየቁት ጥያቄ ግን ትክክለኛው ነው፦ ሕክምናው በዚህ ሰው አካል ውስጥ ምን አደረገ?

ተመራማሪዎች ሆይ፣ የጨረሩን መጠን፣ ዙር፣ መስክና ቅደም ተከተል ከጂኑ ዝርዝር እኩል መዝግቡ፤ በየሳምንቱ የሚሠራውን የደም ምርመራ አትጣሉት። የካንሰር ሐኪሞቻችን፣ የፒዲ-ኤል1 ቁጥር ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ቁጥሩ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የማይናገረውንም ግለጹለት። ቤት ሸጣችሁ፣ ከባሕር ማዶ ዘመድ ገንዘብ ለምናችሁ እናታችሁን ወደ ውጭ ልታሳክሙ የተነሣችሁ ልጆች ደግሞ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን መቶኛ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መድኃኒቱ ከጨረሩ ጋር በምን ቅደም ተከተል ይሰጣል? ይህ አሰጣጥ በዚህ ካንሰር ላይ በማነጻጸሪያ ቡድን ተፈትኖ ጠቅሟል? ጨረሩስ ሳይቋረጥ በጊዜው ያልቃል? እነዚህን ለመመለስ የማይፈልግ የሕክምና ተቋም፣ በእጁ ያለው ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር፣ የእናታችሁን ዕድል አያውቅም።